በብብቴ ሥር የነበረው መዝገብ

ሰው በፊቴ ሲያመሰግነኝ ፊቴ ይጠቁራል። ኩራት መስሏቸው የተቀየሙኝ አሉ። ኩራት አይደለም። አንዲት ሴት እጄን ስማ ካመሰገነችኝ ቀን ጀምሮ ምስጋና እጅ እጅ ይለኛል፤ ይኸው ነው። ታሪኩን ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ግማሹን ነው። ዛሬ ሙሉውን ልጻፈውና እናንተ ፍረዱ። እኔ በራሴ ላይ ከፈረድኩ ቆይቻለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሀዋሳንም ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የሕግ ተማሪ ነኝ፣ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። አባቴ በየሄደበት «ደምሴ ጠበቃ ሊሆንልኝ ነው» እያለ የሚያወራ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። እኔም ከእሱ አልሻልም። ክርኑ ላይ የሳሳች አንዲት ኮት ነበረችኝ፤ እሷን ለብሼ መስታወት ፊት ቆሜ «የተከበረው ፍርድ ቤት!» ማለት እወድ ነበር።

ስድስት ተማሪዎች ሆነን ወደ አዋሳ የተላክነው በይግባኝ ክርክር እንድንለማመድ ነው። ይግባኝ ምስክር የማይጠራበት ክርክር ነው። ሁሉ ነገር ያለው መዝገቡ ውስጥ ነው። የታችኛው ዳኛ የሳተውን ከዚያ ፈልፍሎ ማውጣትና የላይኞቹን ዳኞች በአፍ ማሳመን ነው ሥራው። ስለዚህ መዝገቡ የጠፋበት ይግባኝ ባይ ምንም የለውም። ይህን በመጀመሪያው ቀን አስተምረውናል፤ ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

የሚያለማምደን ታምራት የሚባል ዳኛ ነበር። ያኔ «ጓድ ታምራት፣ እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግረው፤ ዛሬ ግን አንቱታውን ብዕሬ እምቢ አለኝ። ወፍራም ድምፅ፣ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሸሚዝ። ተማሪ በፈጠራ ታሪክ አይሠለጥንም ይል ነበር።

«ትኩስ መዝገብ ነው የምሰጣችሁ» አለን። «ደሙ ያልደረቀ።»

ሳቅን። ማባዣው ቀለም አልቆበት ስለነበር ግልባጭ አልተገኘም። መዝገብ ለተማሪ አውጥቶ መስጠት ደግሞ ክልክል ነው። ታምራት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወይዘሮ አስካለ ለምሳ የወጣችበትን ሰዓት ጠብቆ ራሱ ገባና አንድ መዝገብ ከነማኅደሩ አንስቶ ሰጠኝ። መውጫው ደብተር ላይ ምንም አልተጻፈም። «በደንብ ያዘው፤ እንግዶች ፊት የምትከራከርበት እሱ ነው» አለኝ። ከስድስቱ እኔን በመምረጡ ደረቴ ተነፋ።

ይግባኝ ባዩ ሁሪሶ ሌዳሞ ይባላል፤ የቱላ ገበሬ ነው። የገበሬ ማኅበሩ በሬ እሱ ዘንድ ነበር የሚያድረው። በሬው ታመመ፤ ወድቆ ሲያጣጥር ሁሪሶ ሥጋው እንዳይበላሽ ብሎ አረደው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆን ብሎ ነው፣ አሻጥር ነው ብሎ ከሰሰው። የአውራጃው ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት ፈረደበት። በቃለ ጉባኤው ገጽ አሥራ አንድ ላይ ሁሪሶ እንዲህ ይላል፦ «የከብት ሐኪሙን ጥሩልኝ። ከሁለት ቀን በፊት መርፌ ወግቶታል፤ መታመሙን ያውቃል።» ዳኛው «አያስፈልግም» ብሎ አልፎታል።

ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። በእርሳስ አሰመርኩበትና ጠርዙ ላይ «ግሩም ነጥብ!» ብዬ ጻፍኩ። የተደሰትኩት ለሰውየው እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ትዝም አላለኝ። የተደሰትኩት ለነጥቡ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ መዝገቡን በብብቴ ይዤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ እወርድ ነበር። አሣ አጥማጆቹ አሣ ሲሰነጥቁ አባ ኮዳዎቹ ሆድ ዕቃው እስኪጣልላቸው ራቅ ብለው ይቆማሉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ጮክ ብዬ እከራከራለሁ። እነዚያን ራሰ በራ ወፎች ሳይ ይቀፈኝ ነበር። ያኔ ከመካከላችን የሚቀፈው ማን እንደነበር አላወቅኩም።

ማክሰኞ ዕለት አንድ የሕግ ቁጥር ላጣራ ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀጭን፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሠረች። ባዶ የስንቅ ዕቃ በእጇ ይዛለች።

«ነግሬሻለሁ እኮ እናቴ» ትላለች ወይዘሮ አስካለ ከውስጥ። «ገቢ ደብተሩ ላይ አለ። መዝገቡ ግን ከመደርደሪያው የለም። ሦስት ቀን ፈለግኩ።»

«ፈልጊ» አለች ሴትዮዋ። «ሐሙስ መኪና ይመጣል። ይግባኝ ያለው ሰው እዚህ ይቀራል። የሌለው ቆላ ይሄዳል፣ እርሻ። ወህኒ ቤቱ ወረቀት አምጪ አለኝ።»

«መዝገቡን ሳላይ ጉዳዩ በይግባኝ ላይ ነው ብዬ እንዴት ልፈርም? ተዘግቶስ ቢሆን?»

«አልተዘጋም። ስሙን እዪ። ሁሪሶ ሌዳሞ።»

መዝገቡ በብብቴ ሥር ነው። ከሴትዮዋ ትከሻ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ማኅደሩ ላይ የባሏ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ዞር ብትልና ማንበብ ብትችል ኖሮ ታየው ነበር። ዞር አለች። ማንበብ ግን አትችልም። እንዳልፍ መንገድ ለቀቀችልኝ።

እጄን ዘርግቼ «ይኸው» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። መዝገቡን ጠበቅ አድርጌ ይዤ «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። እናቴ የምትሆን ሴት «አንቺ» እንዳልኳት የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

«ዱካሌ እባላለሁ» አለችኝ። «የሁሪሶ ሚስት ነኝ። አንተ የፍርድ ቤት ልጅ ነህ? ወረቀት አለ፣ ጠፋ ይላሉ። ወረቀት እግር አለው?»

ወደ ታምራት ቢሮ ሮጥኩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ሐሙስ ነው አይደል የሚጫኑት?» አለ።

«አዎ ጓድ፣ ሐሙስ።»

«ክርክሩ ነገ ከሰዓት ነው። ሐሙስ በጠዋት ትመልሰዋለህ፤ አስካለ አገኘሁት ትላለች፤ ወረቀቷን ትጽፍላታለች። አለቀ።»

«ዛሬ ብመልሰውስ? እኔ በማስታወሻዬ…»

«ዛሬ ብትመልሰው የት ነበር ይባላል። ምን ልትል ነው? ከእኔ ተቀበልኩ ልትል ነው?» አሁን ቀና አለ። ፈገግም አለ። «ደግሞ አንተ መዝገቡን ገልጠህ ከገጹ እያነበብክ ስትከራከር ነው የምታምረው። ከዋናው ከተማ ነው እንግዶቹ የሚመጡት። ለእነሱ የማሳየው አንተን ነው።»

እውነቱን ልናገር። እምቢ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር የሄድኩት። ኃላፊነቱን ከላዬ ላይ እንዲያነሳልኝና ነገ እንድደምቅበት። አነሳልኝ። ከቢሮው ስወጣ ቅልል ብሎኝ ነበር። ዱካሌ አሁንም መስኮቱ ሥር ቆማ ነበር። በጓሮ በኩል ወጣሁ።

ረቡዕ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ታምራት ነገሩ እውነተኛ ችሎት እንዲመስል ፈልጎ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ራሱ ነው ያስተየበው፦ ይግባኝ ባይ ሁሪሶ ሌዳሞ፣ መልስ ሰጪ ዐቃቤ ሕግ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ልምምድ የሚል ቃል የለበትም። መድረኩ ላይ እሱ ካባውን ደርቦ መሐል ተቀመጠ፤ በቀኙ ከዋናው ግቢ የመጡት መምህራችን፣ በግራው ካኪ የለበሰ አንድ ባለሥልጣን እንግዳ። አንድ ጓደኛዬ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተሰየመ።

ተነሳሁ። «የተከበረው ፍርድ ቤት!»

ጥሩ ተከራከርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አምሮልኝ አያውቅም። ገጽ አሥራ አንድን ገልጬ የሁሪሶን ቃል አነበብኩ። «ይህ ገበሬ ያልተማረ ነው፤ ግን ለራሱ የሚበጀውን ምስክር ከማንም ጠበቃ አስበልጦ ያውቃል» ስል መምህራችን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ሰው ንጹሕ መሆኑን የሚያውቀውን ሰው ጥሩልኝ እያለ ዳኛው አያስፈልግም ካለው፣ የሚያስፈልገው ምንድነው?» ስል እንግዳው ሲጋራውን መተርኮስ ረሳ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ለካስ ሰው ውስጡ ባዶ ሆኖም ድምፁ መንቀጥቀጥ ይችላል።

ሦስቱ ጎን ለጎን ተንሾካሾኩ። ታምራት ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ ወፍራም ድምፁ «የግራ ቀኙን ክርክር ሰምተናል። የሥር ፍርድ ቤት ፍርድ ተሽሯል። ይግባኝ ባይ ሁሪሶ ሌዳሞ በነጻ ይሰናበት» አለ።

ከአዳራሹ ጥግ እልልታ ቀለጠ።

ዞር አልኩ። ዱካሌ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ቆማ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እልል ትላለች። ለካ ጠዋት መዝገብ ቤት ስትመጣ የበሩ ዘበኛ ጋሽ ቦጋለ ወረቀቱን አንብቦ «ደስ ይበልሽ፣ የባልሽ ጉዳይ ዛሬ ስምንት ሰዓት እዚህ ይታያል» ብሏት ኖሯል። ምን ያጥፋ? የተለጠፈውን አነበበላት። እሷም ወደ ወህኒ ቤት መመለሱን ትታ ደጃፉ ላይ ስትጠብቅ ውላለች።

ከዚያ አንዱ ጀመረውና ሳቅ ሆነ። ተማሪ ሳቀ፣ መምህር ሳቀ፣ ካኪ የለበሰው እንግዳ ከሳቁ ብዛት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ታምራት ሳቁ ጋብ እስኪል ጠብቆ «ጓዶች፣ ይኸ ደግሞ ከዕቅዳችን ውጭ የተገኘ የሰፊው ሕዝብ ድጋፍ ነው» አለ። ዳግመኛ ሳቁ። ዱካሌ ሰው ሁሉ የደስታዋ ተካፋይ የሆነ መስሏት አብራ ሳቀች።

በሕይወቴ ብዙ አስቀያሚ ነገር አይቻለሁ። እንደዚያ ሳቅ የቀፈፈኝ ግን የለም። ይባስ ብሎ የእኔም ጥርስ ተገልጦ ነበር።

«ደምሴ፣ ደንበኛህን አስወጣልን» አለ ታምራት።

ደጅ ስንወጣ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው። ልነጥቃት ብል አጥብቃ ያዘችው።

«ስሙን ሰባት ጊዜ ጠራህ» አለችኝ። «ቆጠርኩ። አውራጃ ፍርድ ቤት ተከሳሽ፣ ተከሳሽ ብቻ ነው። አንተ ሁሪሶ አልክ። አሁን ወረቀቱን ስጠኝ። ሄጄ ላውጣው።»

«እናቴ… ይኸ ፍርድ አይደለም።»

«ዳኛው ተናገረ እኮ። ካባ ለብሷል።»

«ልምምድ ነው።»

ቃሉን አታውቀውም። ዓይን ዓይኔን ታያለች። ሌላ ቃል ፈለግኩ። ካለኝ ሕግ ሁሉ፣ ካለኝ አማርኛ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ መጣልኝ።

«ጨዋታ ነው። እኛ ተማሪዎች ነን፤ ክርክር እንድንለምድ እንጫወታለን።»

እጄን ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«በሁሪሶ ነው የተጫወታችሁት?» አለች።

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ሲባል እሰማ ነበር፤ እንጨቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ክንዷን ይዤ ወደ መዝገብ ቤት ሮጥኩ። እሷን ከውጭ አቁሜ ገባሁና መዝገቡን ወይዘሮ አስካለ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ማኅደሩን አየች። እኔን አየች። እንደገና ማኅደሩን አየች።

«አንተ ዘንድ ነበር?»

«ጓድ ታምራት ነው የሰጠኝ።»

«ትናንት ከኋላዋ ቆመህ ስትሰማ አንተ ዘንድ ነበር?»

መልሴን አልጠበቀችም። ወረቀቱን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ማኅተም አደረገች። ሁሉም አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሲያልቅ ወረቀቱን በእጄ አልሰጠችኝም፤ ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችልኝና እጇን በመሐረብ ጠረገች።

ጋሪ ተሳፍረን ወህኒ ቤት ደረስን። ዱካሌ መንገዱን ሁሉ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ ባለጋሪውን «ንዳው፣ ንዳው» ትለው ነበር። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ሄደዋል እኮ» አለ።

«ሐሙስ ነው የተባለው!» አልኩ።

«ነዳጅ ቀድሞ ተገኘ። መኪናው ነገ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል ተባለና ዛሬ ጫኗቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ወጡ።»

ስምንት ሰዓት። እኔ ኮቴን ቆልፌ «የተከበረው ፍርድ ቤት» ስል ሁሪሶን መኪና ላይ እያሳፈሩት ነበር። ስለ ምስክሩ ስጮህለት ከተማውን ለቆ እየወጣ ነበር። እሷም እኔን ለማዳመጥ አዳራሽ ባትቀመጥ ኖሮ ቢያንስ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። እኔ የባስኩ ነኝ፤ የጮኽኩት ጅቡ እየበላ ሳለ ነው።

«ይግባኝ አለው!» አልኩት ጠባቂውን። «ወረቀቱ ይኸው!»

«ወንድሜ፣ ትናንት ብታመጡት ስሙ ይሠረዝ ነበር» አለኝ በትሕትና። ክፉ ሰው አልነበረም።

ዱካሌ አጥሩ ሥር ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ጠዋት ያስገባችውን የስንቅ ዕቃ ጠባቂው አምጥቶ መለሰላት። ክዳኑን አነሳች፤ ቆጮው እንዳለ ነበር። መልሳ ከደነችው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ይኸ ነገር፣ መዝገቡ፣ የት ነበር?»

ጥያቄዋ ቁጣ አልነበረበትም። እንዲያው ማወቅ ፈልጋ ነው። ያኔ ነበር መናገር። ነግሬያት ተፍታብኝ፣ ሰድባኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

«ጠፍቶ ነበር» አልኳት። «ሌላ መደርደሪያ ውስጥ ገብቶ ነበር። ፈልጌ አገኘሁልሽ።»

ተነሳችና እጄን ለሁለተኛ ጊዜ ሳመችው። «እግዚአብሔር ያክብርህ» አለችኝ። «ሌላ ሰው ሦስት ቀን ፈልጎ አጣ። አንተ አገኘህ።»

ያን ጊዜ ስለ ራሴ የተሰማኝን በጨዋ ቋንቋ መጻፍ አልችልም። ሐይቁ ዳር ሄጄ እጄን በአሸዋ አሸሁት። አባ ኮዳዎቹ እንደ ልማዳቸው ቆመዋል።

ለዚያ ክርክር ከስድስታችን ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ተመርቄ ከዓመታት በኋላ በጥብቅና ወደ አዋሳ ስመለስ በመጀመሪያው ሳምንት ያን መዝገብ አስወጥቼ አየሁት። ፍርዱ የአራት መስመር ነው፦ ይግባኝ ባይ በቀጠሮው ስላልቀረበ መዝገቡ ተዘግቷል። ሰብሳቢው ዳኛ ታምራት ነው። በአዳራሹ በነጻ ያሰናበተው ሁሪሶ በዕውነተኛው ችሎት ለምን እንዳልቀረበ አልጠየቀም። ጠያቂ ቢኖር መልሱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱና እኔ ነበርን። ገጽ አሥራ አንድን ገለጥኩ። «ግሩም ነጥብ!» የሚለው የእኔ ጽሑፍ እንዳለ ነው። ላጲስ ነበረኝ፤ ላጠፋው ግን እጄ አልሄደልኝም።

አንባብያን ሆይ፣ ታምራትን ብቻ ረግማችሁ እንዳታልፉ። እሱማ ያው እሱ ነው። እኔን እዩኝ። ማንንም አልጠላሁም፣ ጉቦ አልበላሁም፣ አንድ ቀን ብቻ ነው ዝም ያልኩት፤ ያውም ለማማር። ዛሬ ወጣት የሕግ ተማሪዎች ቢሮዬ ለልምምድ ሲመጡ ስም ያለበት መዝገብ አልሰጣቸውም። መጀመሪያ ወህኒ ቤት በር ወስጄ ስንቅ ይዘው ከሚሰለፉት ሴቶች ኋላ አንድ ጠዋት አቆማቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ አልነግራቸውም። እናንተ አሁን አወቃችሁ።

አንድ ቀን ቱላ ወርጄ ነበር። እውነቱን ልነግራት ቆርጬ ነው የሄድኩት። ሱቅ ያለው አንድ ሰው የሁሪሶን ቤት ጠየቅኩት።

«ሁሪሶ ሦስት ዓመቱን ጨርሶ መጥቶ ነበር» አለኝ። «አንድ ክረምት ከረመ፤ ከዚያ የቆላው ወባ ተነሳበትና አረፈ። ዱካሌ አለች፤ ያቺ ከእንሰቱ ኋላ ያለችው ቤት ናት። ማን መጣ ልበላት?»

«ከፍርድ ቤት በላት» አልኩ።

የሰውየው ፊት በራ። «እንዴ! መዝገቡን ያገኘላት ልጅ አንተ ነህ? እስከ ዛሬ እኮ ትመርቅሃለች!»

የእንሰቱን አጥር አየሁት። ከኋላው ጭስ ይወጣል፤ ሰው አለ።

«አይደለሁም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ተመልሼ ጋሪ ተሳፈርኩ።